ጮቄን ጠግባችሁ ውጡ፣ ግሽ ዓባይን በባዶ ሆድ ሂዱ

ጥያቄው በየጊዜው ይመጣል፤ ቃሉ እንኳ ብዙ አይለወጥም። «ጠዋት ጮቄ ወጥተን፣ ከሰዓት ግሽ ዓባይ ተጠምቀን፣ ማታውን እንመለሳለን አይደል?»

አይደለም። ሁለቱም ጎጃም ስለሆኑ ጎረቤት ይመስላሉ እንጂ፣ የጮቄ ተራራ በምሥራቅ ጎጃም ከደብረ ማርቆስ በላይ ነው፤ የዓባይ መነሻ የሆነው የግሽ ዓባይ ጠበል ደግሞ በምዕራብ ጎጃም ሰከላ ወረዳ ነው። ከመንገዱ የሚብሰው የሆድ ነገር ነው። ተራራው እህል ይፈልጋል። ጠበሉ ባዶ ሆድ ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ቀን ካደረጋችኋቸው ወይ ተራራው ላይ ትወድቃላችሁ፣ ወይ ከጠበሉ በር ትመለሳላችሁ። ሁለቱም ሲሆኑ አይቻለሁ።

አሠራሩ የአራት ቀን ነው። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ነው የጻፍኩት፤ ከባሕር ዳር የምትመጡ ቅደም ተከተሉን ብቻ ያዙ።

ከሁሉ በፊት፦ መንገዱ

ሻንጣ ከማዘጋጀታችሁ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣሩ። የምትጠይቁት ሰው እዚያው የሚኖር ይሁን፤ የደብረ ማርቆስ ዘመድ፣ በመስመሩ የሚሠራ ሾፌር፣ የሰከላ ካህን። የአዲስ አበባ ወሬ በሁለት ቀን ያረጃል። በመነሻችሁ ዋዜማ አንዴ ደውሉ፣ በየማለዳው ደግሞ አንዴ። ስልክ ካልሠራ ወይም «ዛሬ ባትመጡ» ከተባላችሁ ቀሩ። ተራራው የትም አይሄድም። መታወቂያ በኪስ ይሁን፣ ጨለማ ሳይዝ ማደሪያ ግቡ።

ወቅትና ቀን መምረጥ

ክረምቱን እርሱት። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝናቡ፣ ጭቃውና ጉሙ አያስኬዱም። የሚሻለው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር። ተራራው የሚወጣበት ቀን ቅዳሜ ይሁን። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ ከ4,000 ሜትር በላይ መውጣት አይሆንም። ቅዳሜ ግን በአጽዋማትም ቢሆን ጠዋት እህል ይቀመሳል፤ የሚቀረው ጥሉላት ብቻ ነው። (ቅዳም ሹር ብቻ ለየት ትላለች፤ በዚያች ቀን ደግሞ ተራራ የሚወጣ ሰው አላውቅም።) ስለዚህ ዓርብ መንገድ፣ ቅዳሜ ተራራ፣ እሑድ መንገድ፣ ሰኞ ጠበል።

የግሽ ዓባዩ ጻድቅ የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ዓመታዊ በዓል ጥር 13 ነው። ለዚያ የምትሄዱ ከሆነ በዓሉ ከሚውልበት ቀን ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ተነሱ፤ ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ ማደሪያም መኪናም ቀድሞ ያልቃል።

የሚያዝ ነገር

ለተራራው፦
- ወፍራም ሹራብ፣ ንፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ጓንት
- መርገጫው ጥርስ ያለው፣ ቀድሞ የተለመደ ጫማ፤ ሁለት ቅያሪ ካልሲ
- ዱላ። ጎጃም ሄዶ ዱላ ማጣት ነውር ነው፤ እዚያው ግዙ
- በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፤ ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውሃ
- የፀሐይ ቅባት፣ ለከንፈር ቫዝሊን፣ መነጽር
- ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ኦአርኤስ፣ የራስ ምታት ክኒን
- ሁለት ሦስት ትልልቅ ፌስታል፤ አንዱ ለቆሻሻ፣ ሌላው ልብስ እንዳይርስ

ለጠበሉ፦
- ነጠላ፣ ለሴቶች ረጅም ቀሚስ
- ጧፍና ዕጣን
- ክዳኑ የሚጠብቅ የ3 ወይም የ5 ሊትር ጀሪካን፤ የዘይት ሽታ የሌለው
- የምትጠመቁ ከሆነ ቅያሪ ልብስና ፎጣ

ለሁለቱም ጥሬ ገንዘብ፣ ያውም ዝርዝር። ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር ወረቀት እንኳ አይሆንም።

ጋቢ ይዛችሁ መምጣታችሁን አልቃወምም። ማታ ለመልበስ ነው ግን። ተራራ ላይ ዝናብ ሲመታው እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ትከሻ ይጎትታል።

አሠራሩ

1. ዓርብ፦ ደብረ ማርቆስ ግቡና እደሩ። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማልዳችሁ ከተነሳችሁ ከጎሃ ጽዮን ወርዳችሁ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግራችሁ፣ ደጀን ወጥታችሁ፣ ከሰዓት ላይ ትደርሳላችሁ። እዚህ ማደር የግድ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ ከፍታ አይደለም፤ ለሰመራ ወይም ለድሬዳዋ ሰው ግን ነው። ከቆላ የመጣችሁ ሁለት ሌሊት እደሩ። ማታ ሽሮም ቢሆን ጥግብ አድርጋችሁ ብሉ። አረቄ ይቅርባችሁ፤ እንቅልፍ ያበላሻል፣ ውሃም ያደርቃል፣ ጠዋት የሚመጣውን ራስ ምታት የከፍታ ይሁን የአረቄ አታውቁትም።

2. መኪናና መሪ ማታውኑ ጨርሱ። ወደ ጮቄ የሚወስደው መንገድ ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ አድርጎ ተራራውን አቋርጦ ወደ ድጓ ጽዮንና ሞጣ ይሄዳል። ለመመለሻም አብራችሁ ተነጋገሩ። ከሰዓት በኋላ እዚያ ላይ መኪና ይጠፋል፤ «እናገኛለን» ብሎ የወጣ ሰው ድንች በጫነ አይሱዙ ላይ ቆሞ ይመለሳል። መሪውን ከሮብ ገበያ ወይም ከዚያ በላይ ካለው መንደር ያዙ። ዋጋውን፣ ሰዓቱን፣ በቅሎ ይጨምር አይጨምር መጀመሪያ ተናገሩ። ኋላ ላይ መጨቃጨቅ ለሁለታችሁም ያሳፍራል።

3. ቅዳሜ፦ ከመነሳታችሁ በፊት ብሉ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ሻይና ዳቦ፣ ወይም ጭብጥ የምታህል በሶ። «አልራበኝም» የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። ከፍታ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ላይ ሆናችሁ ልብላ ብትሉ አይወርድላችሁም። የምትጾሙ ከሆነ በሶን የሚያህል ነገር የለም። ገብሱም የዚያው ተራራ ነው።

4. መኪናው እስከ ላይ አያውጣችሁ። መንገዱ ከፍ ብሎ ስለሚሄድ ሰው በመኪና ወጥቶ አሥር ደቂቃ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ችግሩ ሰውነት አለማወቁ ነው። ከ2,400 ሜትር ተነስታችሁ በአንድ ጠዋት 4,000 ላይ ስትቆሙ፣ የምትስቡት ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የገብሱ ማሳ እያለቀ አስታው (የደጋው ቁጥቋጦ) ሲጀምር ውረዱና በእግር ቀጥሉ። ሳንባችሁ እየለመደ ይሄዳል፤ ካልለመደም ለመመለስ ቅርብ ናችሁ።

5. ፍጥነታችሁን በጸሎት ለኩ። እኔ ሰዓትም ሌላ መሣሪያም አልጠቀምም። አቡነ ዘበሰማያትን በለሆሳስ ሳትቋረጡ መድገም ከቻላችሁ ልኩ ነው። «ሲሳየነ» ላይ ትንፋሽ ካጠራችሁ ፈጥናችኋል። ክርስቲያን ያልሆነ ጓደኛ ካላችሁ ከልጅነቱ በቃሉ የያዘውን ነገር ይድገም፤ ዋናው ትንፋሹ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ቁጭ በሉ፣ ሁለት ሦስት ጉንጭ ውሃ ጠጡ። እስኪጠማችሁ አትጠብቁ፤ ብርድ ጥማትን ይደብቃል።

6. ጫፍ አትፈልጉ። ይህ ረዘም ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ሰው የሚጠፋበት ቦታ እዚህ ስለሆነ። ጮቄ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ጋሻ መሰል ከሚባሉት። በጥንቱ ጊዜ የፈሰሰው ቅልጥ ድንጋይ ቀጭን ስለነበር ባለበት አልተቆለለም፤ ርቆ ተዘረጋ። ስለዚህ የቆመ ሹል ተራራ አታገኙም። ቅርጹ እንደ አክንባሎ ነው፤ ሰፊ፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ አናቱ ላይ ደግሞ ጉብታ በጉብታ። አንዱን ጉብታ ስትወጡ ሌላው ከፊት ይነሳል። «ጫፉ የታለ?» እያሉ መሮጥ ኃይል ይጨርሳል። በዚያ ላይ ጉሙ ድንገት ሲወርድ ሁሉም አቅጣጫ አንድ ይመስላል፤ ቁልቁለቱ ለስላሳ ስለሆነ በየት በኩል እንደምትወርዱ እግራችሁ አይነግራችሁም።

አንድ ጊዜ መሪዬን ቀድሜ ሄድኩ። ጃኬቴን መኪና ውስጥ ትቼው ነበር፤ ፀሐይ ነበራ። ጉሙ በሁለት ደቂቃ ዋጠኝ። ከሦስት እርምጃ በላይ አይታይም። የጅብራው፣ የዚያ ረጅም የውርጭ ተክል፣ ቅጠል ላይ ውሃው ሲንጠባጠብ ይሰማል፣ ሌላ ድምፅ የለም። ለመውረድ ስነሳ ባና የለበሱ አባት ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉና፣ «ልጄ፣ የሚሄደው ጉሙ ነው። አንተ ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ አርባ ደቂቃ ያህል። ጉሙ ሲገለጥ ልሄድበት የነበረው በተቃራኒው ወገን ወደሌላ ሸለቆ የሚያወርድ ነበር።

ትምህርቱ ሦስት ነው፦ መሪ አትቅደሙ፣ ጃኬት ከሰውነት አትለዩ፣ ጉም ሲወርድ ባላችሁበት ቁሙ።

7. እስከ 6 ሰዓት ፊታችሁን መልሱ። የትም ብትደርሱ፣ የመጨረሻው ጉብታ እዚያ ማዶ ቢታያችሁም። ከሰዓት በኋላ ደመና ይሰበሰባል፤ በረዶና መብረቅ ይመጣል። እዚያ ላይ ከጓሳው በላይ ረጅሙ ነገር ጅብራውና እናንተ ናችሁ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ከጉብታው ውረዱ፣ ተበታትናችሁ ዝቅ በሉ፣ ብቻውን የቆመ ነገር ሥር አትጠለሉ።

ስለ ጅብራ ካነሳን አትቁረጡት፣ አትደገፉትም። ዘመኑን ሙሉ አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ከዚያ ይሞታል። ለፎቶ ብላችሁ የገፋችሁት ዘሩን ሳይጥል ይቀራል። የምትረግጡት ምንጭም እንደዚሁ ነው። ጨሞጋ፣ ሙጋና ሌሎችም ወንዞች ከዚህ ተነስተው ዓባይ ይገባሉ፤ በሳሙና መታጠብና ቆሻሻ መጣል ታች ያለውን ሰው ውሃ ማበላሸት ነው።

8. እሑድ፦ አስቀድሱ፣ ተንቀሳቀሱ። ደብረ ማርቆስ አስቀድሳችሁ፣ ቁርስ በልታችሁ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጋችሁ ወደ ጥሊሊ ሂዱ። ከጥሊሊ ወደ ግሽ ዓባይ ከተማ የሚገባውን መንገድ ያዙ። በመንገዱ ላይ የምትፈልጉትን ብሉ፤ ነገ አትበሉም። ግሽ ዓባይ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነ ማታው ይበርዳል፤ ያ ጋቢ አሁን ሥራ ያገኛል። እራት በጊዜ ብሉና ውሃ በደንብ ጠጡ። ከዚያ በኋላ አፋችሁ ይዘጋል።

9. ሰኞ፦ ምንም ሳትቀምሱ ወደ ጠበሉ። ምንም ማለት ምንም ነው። ውሃ፣ ማስቲካ፣ ቡና፣ አንዲት ፍሬ ቆሎ። አብራን የሄደች ልጅ ማለዳ በእንቅልፍ ልቧ ሙዝ ልጣ ግማሹን በላች። በር ላይ ያሉት አባት፣ «ልጄ፣ ቀምሰሻል?» አሏት። እጇ ውስጥ ልጣጩ ነበር። መዋሸትም አልቻለችም። እኛ ስንገባ እሷ ውጭ ቁጭ ብላ ቆየች፤ በማግሥቱ ብቻዋን ገባች፣ እኛም አንድ ቀን ጠበቅናት። ስለዚህ የትራስ አጠገብ ምግብ አታስቀምጡ። ቀልዴን አይደለም።

የስኳር ሕመም ያለበት፣ መድኃኒት በሰዓቱ የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፦ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ እዚያ ስትደርሱ ደግሞ ለካህኑ በግልጽ ተናገሩ። መድኃኒት ደብቆ መዝለል ጾም አይሆንም።

10. በቅጥሩ ውስጥ። ጫማ አውልቁ። ነጠላውን አጣፉ። ሴቶች በወር አበባ ላይ ከሆናችሁ አትገቡም፤ ቀናችሁን ቀድማችሁ ቁጠሩ፣ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ መመለስ ያሳዝናል። ከምንጩ ራሳችሁ ዘላችሁ አትቅዱ፣ እጅም አታግቡ፤ አገልጋዮቹን ጠይቁ። ስልክ ኪስ ውስጥ ይሁን። ፎቶ የምትፈልጉ ከሆነ «አባ፣ ይፈቀዳል?» በሉ፤ ካልተፈቀደ ነገሩ አለቀ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እንዳትደነግጡ። ምንጩ ትንሽ ነው። ከበረሃው ድልድይ ላይ ያያችሁትን ዓባይ ጠብቃችሁ ከሄዳችሁ «ይሄ ነው?» ትላላችሁ። ይሄ ነው። ውሃው ረግረጉን አልፎ ግልገል ዓባይ ይሆንና ጣና ይገባል።

11. ከጠበሉ በኋላ ቀስ ብላችሁ ብሉ። ጠበል በብዛት የጠጣ ባዶ ሆድ ላይ ክትፎ አይጫንም። ገንፎ ወይም ዳቦ በሻይ፤ ጥቂት ቆይታችሁ ምሳ። አካባቢውን በእግር ማየት የምትፈልጉ ከምሳ በኋላ ነው። ሾፌሩም ጾሞ ከሆነ ሳይበላ መሪ አይጨብጥ።

አደጋ ሲመጣ

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መድከም ከመጣባችሁ አትውጡ። ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ክኒን ዋጡ። በአንድ ሰዓት ካልቀለለ ውረዱ። አንድ ሰው እንደሰከረ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ውይይት የለም፤ ወዲያው ይውረድ፣ ብቻውንም አይሁን፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። «ትንሽ ይተኛ» አይባልም። «ጠበል ይረጭ» የሚል ቢኖር ይረጭ፣ እየወረዱ ግን። የልብ፣ የደም ግፊትና የአስም ሕመም ያለባችሁ ጮቄን ለሐኪም ሳትነግሩ አትሞክሩ።

ውሻ ሌላው ነው። የእረኛና የቤት ውሾች ሥራቸውን ነው የሚሠሩት። አትሩጡ። ቁሙ፣ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ የምታነሱ ምሰሉ፣ ባለቤቱን ጥሩ።

ሰው ደጋግሞ የሚሳሳተው

አዲስ ጫማ ገዝቶ መምጣት፤ የጮቄ ጭቃ ለአዲስ ጫማ አያዝንም፣ ተረከዝም አይምርም። ፀሐይ ስላለ ልብስ መቀነስ፤ ከደብረ ማርቆስ እስከ አናቱ ቅዝቃዜው በ10 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፣ ነፋሱ ሳይቆጠር። በገብስ ማሳ አቋርጦ መሄድ፤ ያ የአንድ ቤት የዓመት እንጀራ ነው፣ በድንበሩ ዙሩ። ሰላም ሳይሉ ካሜራ መደገን፤ መጀመሪያ «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ» ይባላል፣ ከዚያ ስለ ልጁም ስለ ዝናቡም ይጠየቃል፣ ፎቶው ኋላ ይመጣል። ለሕፃናት ከረሜላ መበተንም ይቅር።

ስለ ጀሪካኑ የመጨረሻ ነገር። ክዳኑ ሥር ቁራጭ ላስቲክ አድርጋችሁ አጥብቁት፣ ላዩ ላይ «ጠበል» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ፣ አውቶቡስ ጣራ ላይ አትጫኑት፤ እግራችሁ መሃል ያዙት። አንዱ የእኔን መደበኛ ውሃ መስሎት ደጀን ላይ ራዲያተር ሞልቶበታል።